አራት ሜትር ከአሥራ ሁለት

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን አሮጌ ጉድጓድ የሚከፍት ቁልፍ በመንደሩ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሚውለው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ሱፌን አንገት ላይ ነው። ከዚያ ጉድጓድ ውሃ አይቀዳም። ክዳን ተሠርቶለት የተቆለፈውም ማንም ባልዲ እየጣለ ውሃውን ከፍ ዝቅ እንዳያደርገው ነው። ሱፌን ጠዋት ከክፍል በፊት፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክዳኑን ትከፍትና ጫፉ ላይ የእርሳስ ክብደት የታሰረበትን ሜትር ቁልቁል ትለቃለች። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት አንብባ ደብተር ላይ ታሰፍራለች። ሥራው ይኸው ነው፤ ሞኝም ይሠራዋል። መምህር ቶንግ ግን ሞኝ አልመረጡም፤ ከክፍሉ ታማኝ የተባለችውን ልጅ መረጡ።

ታማኟ ልጅ እንግዲህ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስትዋሽ ሰንብታለች።

ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አራት ሜትር ከአሥራ ሁለት ነው። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ባለፈው ሳምንትም ያው። ውሃው ግን እንደዚያ አላለም። መጀመሪያ አራት ሜትር ከአምስት ሆነ፤ ከዚያ አራት ሜትር፤ ከዚያ ሦስት ሜትር ከሰማንያ። ከወር በላይ ጠብታ ዝናብ አልወረደም፤ መሬቱ በብርዱ ክንድ ሙሉ ወደ ታች ረግቶ ድንጋይ ሆኗል፤ ውሃ የሚጨምርበት አንዳች ምክንያት የለም። ሱፌን በየቀኑ ወደ ታች ታያለች፤ ውሃው በየቀኑ ወደ እሷ ይመጣል። አመሻሽ ላይ ክዳኑን ስትከፍት አንድ ሰው ቀስ እያለ ደረጃ የሚወጣባት ይመስላት ነበር።

የዋሸችው አመል ሆኖባት አይደለም። ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት የሌላ መንደር ጉድጓድ ውሃ ከፍ አለ፣ መሬት ሊናወጥ ነው ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈና ሰው ሁሉ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ሜዳ ላይ በማሽላ አገዳ ዳስ ቀልሶ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። መሬቱ ንቅንቅ አላለም። የሱፌን አያት ግን ከዳሱ የወጡት በቃሬዛ ነበር። ብርጌድ የሚባለው የመንደሩ የእርሻ ማኅበር ሐኪም ደረታቸውን አዳምጦ ሲያበቃ ልጅቷን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ብርድ ካገኛቸው ዛፍ ዳግመኛ ቅጠል ሲያወጣ አያዩም» አላት። አባትና እናቷ ሩቅ ከተማ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ይሠራሉ፤ የሚመጡት ለአዲስ ዓመት ብቻ ነው። ሱፌን ያሏት እኒሁ ሴት አያቷ ብቻ ናቸው። አያትየው ደግሞ ከሥሩ እሳት የሚነድበት የጡብ መደባቸው ላይ እስካሉ ድረስ ደህና ናቸው። ውሃው ከፍ አለ ብሎ መጻፍ እሳቸውን በገዛ እጇ ዳስ ውስጥ ማስገባት ሆነባት፤ ስለዚህ አልጻፈችም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እጽፍ ነበር የሚል ካለ ጎረቤቴ አይሁን፤ ወይ ቅዱስ ነው ወይ ከእሷ የባሰ ዋሾ።

በዘጠነኛው ቀን መምህር ቶንግ ክፍል ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ገቡ። «ከሥራችን ያለው ድፍን ድንጋይ ይመስላችኋል» አሉ። «አይደለም። ድንጋዩ ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁ ውስጥ ውሃ አለ። እንግዲህ ድንጋዩን ከዚህም ከዚያም ይዞ የሚያስጨንቀው ኃይል ሲመጣስ?» ጨርቁን ጠመዘዙት። ውሃው በጣቶቻቸው መሃል ወጣ። «ውሃው የት ይግባ? ቀዳዳ ፈልጎ ወደ ላይ ይመጣል። የእኛ ጉድጓድ ቀዳዳው ነው።»

«መምህር፣ ድንጋዩ ጭንቁ ሲበዛበትስ?» አለ ከኋላ ወንበር ዳቹዋን የሚባለው ልጅ።

«ይሰበራል። ሲሰበር እኛ ከላዩ ላይ ነን።»

«ሱፌን እያለች ምን እንሆናለን፤ ቁልፉን ይዛዋለች፣ ትቆልፍበታለች» አለ ዳቹዋን፤ ክፍሉ ሳቀ። ሱፌን አልሳቀችም። የጨርቁ ውሃ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ታይ ነበር።

«በይ የዛሬውን» አሏት መምህሩ።

«አራት ሜትር ከአሥራ ሁለት።»

ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ከዚያም ቁራጭ ወረቀት ላይ ገልብጠው ፈረሙበትና ለፖስተኛው አስቀመጡት። ወረቀቱ የሚሄደው ቁልቁል አንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ወደሆነችው ወደ ሻሄ መንደር ነው። የሻሄ መለኪያ ጉድጓድ አምና ተደርምሶባቸዋል፤ ስለዚህ በሱፌን ቁጥር ነው የሚኖሩት። በየሁለት ቀኑ ይደርሳቸዋል፤ እነሱም የራሳቸው ብርጌድ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ ይጽፉታል።

በዚያው ሰሞን የሰው ሁሉ ሻይ መምረር ጀምሮ ነበር። የብርጌዱ አለቃ ጓድ ሃን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ «ሚስቴ ሻይ ነው ሐሞት የምታጠጣኝ?» ሲሉ አንዲት ሴት፣ «ሚስትዎን አይሙ፣ የእኛም መርሯል። የምንጠጣው ጉድጓድ ውሃ ደፍርሷል» አለቻቸው። ሌላው ደግሞ ውሃ ሲደፈርስ መሬት ይናወጣል ሲባል መስማቱን ተናገረ። ጓድ ሃን በእጃቸው አባረሩት። «የትምህርት ቤቱን ሰሌዳ አላያችሁም? አራት ሜትር ከአሥራ ሁለት። ይሄ ሳይንስ ነው፤ ምላስ ምን ያውቃል» አሉ። ሰዉም የገዛ ምላሱን ትቶ ሰሌዳውን አመነ። ሱፌን ዱቄቷን ተሸክማ እዚያው ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰማች።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሜትሩን ብዙ መልቀቅ እንኳ አላስፈለጋትም። ውሃው አንድ ሜትር ከሰላሳ ላይ ቆሟል። ጭቃ መስሏል፤ መሃሉ ላይ አረፋ እየወጣ ይፈነዳል። ጎንበስ ስትል ከሥር ድምፅ ሰማች፤ ከባድ መኪና ሩቅ መንገድ ላይ ሲያልፍ የሚሰማው ዓይነት። መንገዱን ዞራ አየችው፤ መኪና የለም፤ በረዶ ብቻ። ክዳኑን ዘግታ ቆለፈች። ደብተሩን አውጥታም አራት ሜትር ከአሥራ ሁለት ብላ ጻፈች።

ለምሳ ቤት ስትገባ አያቷ መደቡ ላይ እግራቸውን አጥፈው የበቆሎ ገንፏቸውን በተብላላ ጎመን እየበሉ ነበር።

«ውሃው ዛሬ ስንት አለ?» አሏት።

«ያው ነው እማማ።»

«ያው።» ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ነይ እስቲ ይቺን ሻይ ቅመሽልኝ።»

ቀመሰች። ሐሞት ሆነባት።

«መምረር ከጀመረች ይኸው አምስት ቀኗ» አሉ አያትየው። «ሰባ ሦስት ዓመት ከዚህ መሬት ጠጥቻለሁ። አርፎ የተቀመጠ ውሃ አይመርም። እንግዲህ ወይ ጉድጓዱ ይዋሻል ወይ አንቺ።»

ሱፌን ሲኒውን መደቡ ላይ አስቀመጠች።

«ዳሱን ፈርተሽልኝ ነው አይደል?»

«ሐኪሙ...»

«ሐኪሙ ያለሽን በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ። የታመመው ሳንባዬ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

«ካወቁ ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?» አለች ሱፌን፤ እንባዋ መጣ።

«መደቡ ስለሚሞቅ ነዋ። ሌላ ምን ምክንያት አለኝ? ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች እያልኩ አንድ አንድ ቀን ስሰርቅ ሰነበትኩ። ሁለት ሌቦች አንድ ቤት ውስጥ። አሁን ግን ከሥሬ ሲያጉረመርም ወገቤ ሰምቷል። ተነሺ፣ ሂጂና ንገሪያቸው።»

«ዳስ ውስጥ ይሞቱብኛል።»

«ሞት ላይቀር ማንቋረር። ጣሪያ ከሚገድለኝ ሳል ይግደለኝ፤ ሳል ቢያንስ ጎረቤት አይጨምርም።»

ሱፌን እስከ ትምህርት ቤት ሮጠች። መምህር ቶንግ ምድጃው አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው። ደብተር ላይ ባይኖርም የአሥሩን ቀን እውነተኛ ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች፤ አንድም ሳታሳስት አወረደችው። መምህሩ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ጻፉት። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ጽፈው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ለሻሄ ስንት ወረቀት ልከናል?»

«አምስት።»

«አምስቱም ላይ ፊርማዬ አለ» አሉና ኮታቸውን ፈለጉ።

ወደ ጓድ ሃን አብረው ሄዱ። ጓድ ሃን ሲሰሙ ፊታቸው ቀላ። «መምህር፣ አምና ሜዳ ላይ ሰንብተን የስንታችንን ጣት ውርጭ በላው። ደግሞ ዘንድሮ?»

«ቁጥሩ ሐሰት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ መምህር ቶንግ። ከሱፌን ጎን ቆመው ስሟን አላነሱም። ሱፌንም አንገቷን ደፋች እንጂ አልተናገረችም።

ድምፅ ማጉያው ጮኸ። ወደ ሻሄ የሚሄደውን የስልክ ሽቦ በረዶ በጥሶት ስልኩ ከሰኞ ጀምሮ አይሠራም፤ መምህሩ ብስክሌታቸውን አወጡ። ጓድ ሃን ሌላ ጎረምሳ እንላክ ቢሏቸው፣ «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ልሰርዘው» ብለው ወጡ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

አያትየውን በአህያ ጋሪ፣ በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ሜዳው ወሰዷቸው። ሰዉ እያጉረመረመ፣ ድስቱንና ዶሮውን ታቅፎ ወጣ። ዳቹዋን ሳይቀር ዝም ብሎ አገዳ ይሸከም ነበር። ሱፌን ዳሱ ውስጥ የአያቷን እግር በጭኗ መሃል ይዛ እያሞቀች፣ ሳላቸውን እያዳመጠች ተቀመጠች። ነፋስ የለም። ውሾቹ ከመንደር ወጥተው ሜዳው ዳር በሰልፍ ተቀምጠዋል፤ አይጮኹም። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጓድ ሃን፣ «ምንም የለም እኮ፤ እራት እንኳ በቤታችን ብንበላ» ሲሉ ጥቂቶች ተነሡ።

ያኔ ያ የመኪና ድምፅ መጣ። በዚህ ጊዜ ሩቅ አልነበረም። የተነሡት ሰዎች መልሰው ተቀመጡ፤ መሬቱ ነው ያስቀመጣቸው። ጋሪ ጎትተው የመጡት ፈረሶች ተንበረከኩ። ዳሱ በሱፌንና በአያቷ ላይ ወደቀባቸው፤ አገዳ ነውና ምንም አላደረጋቸውም። ከመንደሩ በኩል የሚፈርስ ግንብና ጣሪያ ድምፅ አንድ ላይ ተሰማ። ጸጥ ሲል ሱፌን ከአገዳው ሥር ወጥታ አየች። ቤታቸው የለም። የጣሪያው ተሸካሚ ግንድ አያቷ ምሳ በበሉበት መደብ ላይ ተጋድሟል።

«አለሁ» አሉ አያትየው ከአገዳው ሥር። «አትጩኺብኝ፤ አለሁ።»

ከመንደሩ አንድ ሰው አልሞተም። ሰዉ ይህን ሲያውቅ ማልቀስና መሳቅ ተቀላቀለበት። ጓድ ሃን መጥተው ሱፌንን ከመሬት አነሷት። «ይቺ ልጅ ናት ያዳነችን» አሉ። «በዚህ ብርድ ጠዋት ማታ ስትለካ!» ሴቶቹ እጇን ሳሙ። ሱፌን በሰው ትከሻ ላይ ሆና ወደ ታች፣ ወደ ሻሄ አየች። ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት መብራቶቹ አንድ በአንድ ይበሩ ነበር። አሁን የሚታየው ከሸለቆው የሚነሣ አቧራ ብቻ ነው። አውርዱኝ አለች፤ የሰማት የለም።

መምህር ቶንግ የተመለሱት በማግስቱ ጠዋት፣ በእግራቸው ነው። ብስክሌቱ የለም። ጓንት የለም፤ ጥፍሮቻቸው ተላልጠዋል። እሳት ዳር ቁጭ አሉ። ሱፌን ሙቅ ውሃ ሰጠቻቸው፤ ሳይጠጡ ይዘውት ቀሩ።

«አልደረሱም?» አለቻቸው።

«ደረስኩ። መሬቱ ከመነቃነቁ በፊት ሰዓት የሚሞላ ጊዜ ነበረኝ።» ቀጥለው የተናገሩት ቀስ ብለው ነው። «ግማሹ ሰው ከቤቱ ወጣልኝ። የቀረው ግን እጄን ይዞ ወደዚያ ግድግዳ ወሰደኝ። አምስቱም ቁጥር ተጽፏል፣ ሥሩ ስሜ አለ። ‹መምህር፣ እኛ የምናምነው እርስዎ የጻፉትን ነው። በብርድ መጥተው ደክሞዎታል፤ ይግቡና ይሙቁ› አሉኝ። ሻይ ቀዱልኝ።»

«ስንት ሰው?»

«ገና እየቆፈሩ ነው» አሉ መምህሩ።

ሜዳው ላይ ጓድ ሃን ወንዶቹን ሰብስበው አካፋ እያደሉ ነበር። ሱፌን ሄዳ ሰልፉ ውስጥ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ጓድ ሃን ሳቁላት። «አንቺስ የድርሻሽን ሠርተሻል፣ ጀግናዬ። ሂጂ አያትሽ ጋ ሁኚ።»

«ጓድ ሃን፣ ሐሰቱን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ውሃው ከፍ ማለት ከጀመረ አሥር ቀኑ ነው። አያቴ ዳስ ውስጥ እንዳይሞቱ ብዬ ደበቅኩ። መምህር ቶንግ አያውቁም ነበር።»

ከኋላዋ የነበረው ሰው ሁሉ ሰማ። የጓድ ሃን እህት ቤት ሻሄ ውስጥ ነው፤ ይህን ሱፌንም ታውቃለች። እሳቸውም አካፋውን እጇ ላይ አስቀመጡና ዞር አሉ። መሬቱ ከሥራቸው አንድ ሁለት ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ቁልቁል ወረዱ፤ እስከ ሻሄ ድረስ ያናገራት ሰው አልነበረም።