አደራ የመለሰች ልጅ

ወንድሜ ባየ ጉልበቱን የጨረሰው የገበያ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ የሰው ቦርሳ ሲፈትሽ ነው። ስለዚህ ልጁ ታሊያ ከሠራዊት ወጥታ «የኮምፒውተር ጥበቃ ልማር ነው» ስትለው ፊቱ ጠቆረ።

«ጥበቃ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ወንበር ይሰጡሻል፣ ትቀመጫለሽ» አላት።

እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ወንድሜ ያልገባውን ነገር ጮክ ብሎ የመናገር ልማድ አለው።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ታሊያን ያሳደግኋት እኔ አክስቷ ነኝ፤ በዕብራይስጥ ዶዳ ትለኛለች። ራማት ኤሽኮል የሚባል ሰፈር ውስጥ ከእነሱ በላይ ባለው ፎቅ ስለምኖር ክርክሩ ሁሉ የተካሄደው እኔው ቤት ነው። ባየ ዩኒቨርሲቲ ትግባ ባይ ነው። ጥቁር ካባ ለብሳ የምትነሣው ፎቶ የሚሰቀልበትን ግድግዳ ሳይቀር መርጧል። ለዩኒቨርሲቲ ግን ፕሲኾሜትሪ የሚሉት የመግቢያ ፈተና አለ፤ ተፈትናው ውጤቱ አልበቃም። ኮሌጅ ገብቶ በጥቂት ዓመት ቴክኒሻን መሆንም ይቻላል፤ ከዚያ የወጡት የጎረቤት ልጆች ግን ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ያሽጋሉ። የቀረው ቴል አቪቭ ያለ አንድ ኩባንያ የሚሰጠው ኮርስ ነው። አጭር ነው፤ የሚቀበሉት ጥቂት ሰው ነው፤ የጨረሰ ግን እዚያው ሥራ ይገባል። ታሊያ የፈለገችው ይህን ነበር፤ እኔም ደገፍኋት። ዕድሜ ልኬን ሽማግሌ ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። በፎቶ የዳነ ወገብ አላየሁም።

«ዶዳ ይርጋለም፣ ይኼ ካልሆነ ሌላ የለኝም» አለችኝ አንድ ቀን። «ሠራዊቱን የጨረስኩት ማኽሳን፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ሳድል ነው። ለብርድ ልብስ ማን ይቀጥረኛል?»

አሁን ስለ ሕንጻችን ልንገራችሁ። እዚህ ዕብራይስጥ የማያነብ ሽማግሌ ሁሉ ኮዱን ለታሊያ ሰጥቷል፤ የባንኩን፣ የጡረታውን፣ የጤና መድኑን የኩፓት ኾሊሙን። ገና ተማሪ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልካቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ይጠብቋት ነበር። የሐኪም ቀጠሮ ትይዝላቸዋለች፤ መብራት ትከፍልላቸዋለች፤ የመጣውን መልእክት ታነብላቸዋለች። ኮዱን አንድም ቦታ ጽፋው አታውቅም፤ ሁሉም በቃሏ ነው። የማንም ሰው ሳንቲም ጎድሎ አያውቅም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባል የለም? እኛ ዘንድ ሰው ኮዱን የሚሰጥሽ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ልጄ ነሽ ማለቱ ነው።

ለቃለ መጠይቁ ነጭ ሸሚዝ ተኩሼ ሰደድኋት። የጠየቃት ሰው ኤራን ይባላል። እንደነገረችኝ ከሆነ ለስላሳ ሰው ነው፤ ውኃ ሁሉ ቀድቶላታል።

«ማንም ሳይከፍልሽ የተሸከምሽው ኃላፊነት አለ?» ብሎ ጠየቃት።

ምስኪን፣ ደስ አላት። ስለ ሽማግሌዎቹ አንድ ባንድ አጫወተችው።

«የሁሉንም በቃልሽ?» አለ እየተደነቀ።

«በቃሌ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ስልኳን አወጣችና የጎረቤታችንን የእማማ አሰገደችን የሕክምና ፋይል ከፈተችለት። ስኳሯን፣ ኩላሊቷን፣ የምትውጠውን ክኒን ሁሉ።

ኤራን አላነበበውም። ስልኩን በጣቱ ወደ እሷ ገፋው። «አሁን አንድ የማታውቂው ሰው በጨዋ አፍ ጠየቀሽና የአሮጊቷን ገመና አወጣሽለት» አላት። «እዚህ ወንበር ላይ ብዙ ሰው ወድቋል። እንዳንቺ ፈጥኖ የወደቀ ግን አላየሁም።»

ስታለቅስ ቁጭ ብሎ አያት። ኋላ ግን የማስታወስ ችሎታሽ ያስፈልገናል አላትና አንድ ዕድል ሰጣት። ምዝገባው እሁድ ይዘጋል፤ እስከዚያ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ኮዳቸውን ይቀይሩ፤ አዲሱን እሷ እንዳታውቀው። ይህን ካደረገች ትገባለች።

«ሰውዬው ልክ ነው፣ ዶዳ» ብላ ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ። ልክ ያልሆነን ጨካኝ እኔ ራሴ ሄጄ ልክ ባስገባሁት ነበር።

በሩን ሁሉ አንኳኳች። አንዱ ሽማግሌ፣ ጋሼ መለሰ፣ «ምን ሰረቅንሽ?» አላት። ሌላዋ «ገና ሳትማሪ ናቅሽን፤ ስትማሪማ ልትረግጪን ነው» ብላ አስለቀሰቻት። ቢሆንም ቀየሩላት። እነሱ አንድ ባንድ ቁጥር ሲነኩ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቆማለች። አደራ መብላት ነውር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ አደራን ለባለቤቱ መመለስ ግን ከዚያ የባሰ ስድብ መሆኑን ልጅቷ ያወቀችው በዚያ ሳምንት ነው።

እማማ አሰገደችን ለመጨረሻ አቆየቻት፤ ፈርታለቻ። አሰገደች ከትግራይ ብቻዋን የመጣች፣ ያልወለደች ሴት ናት። የታሊያ እናት ስትሞት እኔ ሥራ ስውል ልጅቷን ያዘለቻት እሷ ናት። እንደ እኔው ሽማግሌ ስታጥብ ኖራ፣ ሽሬ ያለች እህቷን ሄጄ አያለሁ ብላ ገንዘብ ታጠራቅም ነበር። ታሊያ በሯን ያንኳኳች ዕለት እኔም አብሬ ነበርኩ።

«እማማ፣ አዲሱን ቁጥር ራስዎ ይምረጡ። እኔ አላይም» አለቻት።

«ለምን አታዪም?»

«ካየሁ ኮርሱን አልገባም።»

«አዝዬሽ የለም እንዴ?»

«አዝለውኛል።»

«ታዲያ ዛሬ ባዳ ሆንኩብሽ?»

እዚህ ላይ ጉልበቷን መሳም ነበረባት። እሷ ግን ኤራን እንዳላት መለሰች። «የሚስጥር ቁጥር፣ ሲስማ፣ ለልጅም አይነገርም። ለኔም ለማንም እንዳይነግሩ።»

«ይሁን። የሚመጣልኝን መልእክትስ ማን ያነብልኛል?»

«እኔ አይደለሁም፣ እማማ፤ የባንኩ ቁጥር በመልእክትም ይመጣል» አለች ታሊያ።

አሰገደች ቁጥሩን ነካክታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። አልተራገመችም። ብትራገም ይሻል ነበር።

እሁድ ታሊያ ደወለች፤ ተቀበሏት። ባየ የካባው ፎቶ ቀረብኝ ብሎ አኮረፈ፤ እኔ ግን እልል አልኩ። ደስታችን ሳምንት አልሞላም። ለአሰገደች አንድ ሰው ከባንክ ነኝ ብሎ በጥሩ አማርኛ ደወለላት። እናቴ ይላታል። ኮድዎን በቅርቡ ቀይረዋል? አዎ። የሚረዳዎ ሰው አለ?

«ማንም የለኝም» አለችው።

«እኔ አለሁልዎት» አላት።

ከባንኩ በመልእክት የመጣላትን ቁጥር አንድ ባንድ ነገረችው። በማግስቱ ሒሳቡ ባዶ ነበር። ባንኩ በራስሽ አፍ ነው የሰጠሽው ብሎ መለሳት። ታሊያ ይህን ስትሰማ እየሮጠች ወረደች። «እማማ፣ ለማንም እንዳይነግሩ ብዬ አልነበር? እንዴት ለማያውቁት ሰው ይሰጣሉ?»

«እሱ አልተጠየፈኝም» አለቻት አሰገደች።

ሕንጻው በአንድ ቀን ፈረደ። ሌባውን ያነሣ ሰው የለም። «አደራ በላች» ተባለች ታሊያ፤ አንድ ሳንቲም ያልነካችው ልጅ። ሌባው ስም የለውም፤ እሷ ስምም ደረጃም አላት፤ ስትወጣ ስትወርድ ይሰድቧታል። ባየም አልተዋትም። «እኔ በር ላይ ቆሜ የስንቱን ባዳ ቦርሳ እፈትሻለሁ፤ እናቴን ግን ፈትሼ አላውቅም» አላት። ከወንድሜ አፍ የወጣ ደህና ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ እሱንም ልጁን ለመውጋት አዋለው።

«ልተወው?» አለችኝ ታሊያ፣ ዓይኗ አብጦ።

«ብትተዪው ገንዘቧ ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«እንግዲያው ሂጂ።»

ሄደች። በትምህርቱ ጎበዝ ናት ይላሉ፤ ኤራን ራሱ ሰው ፊት አመስግኗታል። አሰገደች ደግሞ እንደገና ሽማግሌ ማጠብ ጀመረች፤ ከምታጥባቸው መካከል በዕድሜ የምትበልጣቸው ሳይኖሩ አይቀሩም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ተገጣጠምን። አሰገደች አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ታሊያ «እንደምን አደሩ፣ እማማ» ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለቻት፤ ሰላምታ አትነፍግም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እሰይ፣ ሊታረቁ ነው ብዬ ነበር።

የአሰገደች ስልክ ጮኸ። አውጥታ አየችው፤ አራቀችው፤ አቀረበችው። ታሊያ ሳታስበው እጇን ዘረጋች። በልጅነቷ ደረጃው ላይ እንደዚያ ነበር የምትቀበላቸው።

አሰገደች ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። በታሊያ ፊት አልፋ፣ ቦርሳውን ተደግፎ ዳቦ ወደሚበላ አንድ ቀይ ወታደር ሄደችና ስልኩን ሰጠችው። በተሰባበረ ዕብራይስጥ አንብብልኝ አለችው። ልጁ ዳቦውን በጥርሱ ያዘ፤ ስልኩን ተቀብሎ አየ፤ ዳቦውን ከአፉ አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበላት። ቁጥሩንም አነበበው፤ ከቁጥሩ በታች ያለውን «ለማንም አትስጪ» የሚለውንም አነበበው። ጣቢያው ሁሉ ሰማ።

«ቶዳ፣ የኔ ልጅ» ብላ አመሰገነችው አሰገደች።

ታሊያ የዘረጋችውን እጅ ጭኗ ላይ አኖረችው።