መካከለኛው ጎማ

ታንጉት ይግዛው ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ ትጠግናለች። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው። እሳቸው ወገባቸውን ካመማቸው ወዲህ ኮምፕሬሰሩም መዶሻውም በእሷ እጅ ነው። ሊማሊሞን የወጡ የጭነት መኪናዎች መጀመሪያ የሚቆሙት እሷ ደጃፍ ላይ ነው። ሴት ጎሚስታ ሲያዩ ግር የሚላቸው ሾፌሮች ነበሩ፤ አንዴ ካሠሩ በኋላ ግን ሌላ ቦታ አይሄዱም። ይህን ራሷም ታውቀዋለች፤ ማንም እንዲነግራት አትጠብቅም።

በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ ጎረቤቷ የሺዋስ ጌም ቤት ከፈተ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ መሪ፣ የነዳጅና የፍሬን ፔዳል ገጥሞ የመኪና እሽቅድምድም ጫነበት። ጌሙ እንደሌሎቹ የልጅ ጨዋታ አልነበረም። ስክሪኑ ጥግ ላይ አራቱ ጎማዎች ተስለው የእያንዳንዳቸው ሙቀት በቁጥር ይታያል። ከመነሳት በፊትም ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ጠጣር ጎማ መምረጥ አለ። ለስላሳው መንገዱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ጠጣሩ ብዙ ዙር ይሄዳል፣ ግን ይንቀራፈፋል። የሺዋስ ይሄ ሁሉ አልገባ ስላለው ወደ ታንጉት መጣ።

"እታለም፣ የጎማ ነገር ያንቺ ነው። ነይ እስቲ እይልኝ።"

እጇን ታጥባ መጣችና ተቀመጠች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አሳፋሪ ነበሩ። መኪናዋ በየኩርባው እንደ ክረምት ጭቃ እያንሸራተታት ከመንገድ ትወጣለች። ጥፋቱ ከየት እንደሆነ ለማወቅ ሳምንት ፈጀባት። ከልጅነቷ ጀምሮ የጋለ ጎማ ስታይ ያደገችው በፍርሃት ነበር። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ የመጣ መኪና ጎማው ሲጤስ አባቷ "አትንኪው፣ ይቀዝቅዝ!" ይሏት ነበር። ስለዚህ እዚህም ጎማው እንዳይሞቅ ስትጠነቀቅ ቁጥሩ ከሃምሳ አምስት አያልፍም። የውድድር ጎማ ደግሞ መንገዱን የሚይዘው ከሰማንያ እስከ መቶ ዲግሪ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ድንጋይ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ይቀልጣል።

ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው።

"ጎማ መቼ ነው ሙቀት የወደደው?" አሉ አቶ ይግዛው። "ቀልደውብሽ ነው።"

"ይሄኛው ይወዳል፣ አባባ። ሲሞቅ ነው የሚነቃው።"

"እንግዲህ እኔ አላየሁም" አሉ።

እሷ ግን አየችው። ከዚያ በኋላ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋ በመያዝ የፊቱን ጎማ፣ ከኩርባ ስትወጣ ነዳጁን በመርገጥ የኋላውን ማሞቅ ለመደች። ሚያዝያ ሲገባ ቁጥሩን ማየት እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፤ መሪው እጇ ላይ ሲቀል የፊቱ ጎማ እንደቀዘቀዘ ታውቃለች። ደባርቅ ውስጥ የሚቀድማት ጠፋ።

ዳባት ላይ ግን ደርቤ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር። አንድ ዙር ብቻውን ቢነዳ ከታንጉት አንድ ሰከንድ ይፈጥናል። የሁለቱም ከተማ ሰው ይህን ያወራ ስለነበር የዳባት ወጣቶች ማዕከል ለግንቦት ውድድር አዘጋጀ፤ ሁለት ኮምፒውተር በገመድ ተያይዞ፣ ሃያ አራት ዙር። ጎማ መቀየር ይፈቀዳል፣ ግን አንድ ቅያሪ ሃያ አምስት ሰከንድ ይበላል። ታንጉትና የሺዋስ ሦስት ሳምንት ሙሉ በጠጣር ጎማ ተለማመዱ። ጌሙ ሲከፈት አየሩ ሁልጊዜ ሞቃት ስለሆነ ጠጣሩ ሳይቀየር እስከ መጨረሻው ያደርሳል።

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ማንም አስቀድሞ አውቆ እንዳይጠቀም ብለው፣ የጌሙን አየር በዕጣ አደረጉት። አንዲት ወረቀት አውጥተው አነበቡ።

"ማለዳ። ብርድ። አሥር ዲግሪ።"

"የኛው አገር ነዋ!" አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ። የሺዋስ አልሳቀም።

"ጠጣሩን ምረጪ፣ እታለም። የተለማመድነው እሱን ነው።"

"በአሥር ዲግሪ ጠጣሩ መቼም አይሞቅም። መካከለኛውን ነው የምወስደው።"

"በመካከለኛው አንድ ቀን እንኳ አልነዳሽም እኮ!"

"ጎማ ነው፣ የሺዋስ" አለችው። "ጎማ አውቃለሁ።"

ደርቤ ለስላሳውን መረጠ። በብርድ ለስላሳው ቶሎ እንደሚሞቅ ያውቃል፤ ስሌቱም ስህተት አልነበረበትም።

ተነሱ። ደርቤ ገና ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ መኪናውን ያለ ርኅራኄ ነዳው። ታንጉት ሁለት ዙር ሙሉ ጎማዋን ስታሟሙቅ እሱ ስምንት ሰከንድ ጥሏት ሄደ። የዳባት ልጆች አጨበጨቡ። የሺዋስ ከኋላዋ ሆኖ ጥፍሩን ይበላል። በሦስተኛው ዙር ቁጥሯ ሰማንያ ሁለት ገባ፤ መኪናዋ መንገዱን ያዘች።

ደርቤን የጎዳው በሁሉም ነገር መቸኮሉ ነው። ለስላሳ ጎማ ሳይሞቅ በኃይል ሲገፋ ላዩ ይገሸለጣል። ስምንት ዙር ይሄድልኛል ያለው ጎማ በስድስተኛው ዙር መኪናውን ያንገዋልለው ጀመር፤ ገብቶ ቀየረ። የተቀየረውም ቀዝቃዛ ነበር፤ ያንንም እንደ ፊተኛው አደረገው።

ታንጉት በአሥራ ሦስተኛው ዙር ገባችና ለስላሳ ጎማ አስገጠመች።

"ምን ነካሽ?" አለ የሺዋስ። "አሁን ደግሞ ለስላሳ?"

"ነዳጁ ግማሽ ሆኗል፤ መኪናው ቀሏል። ፀሐዩም ወጥቷል፣ አስፋልቱን እየው። በቀስታ ካሞቅሁት አሥራ አንድ ዙር ይበቃኛል።"

ደርቤ በአሥራ ዘጠነኛው ዙር ለሦስተኛ ጊዜ ጎማ ቀይሮ ሲወጣ ሰባት ሰከንድ ከኋላዋ ሆነ። አዲስ ጎማ ነበረው። በየዙሩ አንድ ሰከንድ፣ አንድ ሰከንድ ተኩል እየበላ መጣ። አዳራሹ ቆመ። የታንጉት የግራ ኋላ ጎማ መቶ አራት ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን እየሸሸ ይረግጥ ነበር፤ እሷ ግን ረጅሙ ኩርባ ላይ እግሯን ከነዳጁ አነሳች።

"ደረሰብሽ!" አለ የሺዋስ።

"ይድረስ። ይቀዝቅዝልኝ።"

ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ ሆነ፤ ቁጥሯ ግን ወደ ዘጠና ሰባት ወረደ። በመጨረሻው ዙር ያላትን ሁሉ ተጠቀመች። ደርቤ አንዴ እንኳ ጎኗ ሳይደርስ መስመሩን አለፈች። ልዩነቱ አንድ ሰከንድ ተኩል ነበር።

የሺዋስ ዘሎ አቀፋት። ደርቤ መሪውን ለቅቆ ተነሣና ጨበጣት።

"ዕጣው ብርድ ባይወጣ እንዲህ አይሆንም ነበር" አለ። በክፋት አይደለም፤ እውነት መስሎታል።

"እንግዲያው ሙቀት ያድርጉትና እንደገና እንንዳ" አለች ታንጉት፤ ገና ከወንበሯ አልተነሳችም።

ወይዘሮ ሸጊቱ አየሩን ቀትር፣ ሠላሳ አምስት ዲግሪ አደረጉት። እሷ ጠጣሩን፣ እሱ ለስላሳውን ይዘው ተነሱ። ዘጠነኛው ዙር ላይ ደርቤ በአሥራ አንድ ሰከንድ እየመራ ሳለ መብራት ጠፋ። አንድ ሰዓት ጠበቁ፤ አልመጣም። ሰው ተበተነ።

ደርቤ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኛቸው። መንገዱን ሁሉ ሲከራከሩ ሄዱ።

"ስመራ ነው የጠፋው" አለ። "ይህን መካድ አትችይም።"

"አልክድም። መብራቱ ሲጠፋ ጎማህ ስንት ነበር?"

ደርቤ መዋሸት አይሆንለትም። "መቶ አሥራ ስምንት" አለ።

"የኔ ዘጠና ነበር። ቅያሪ ደግሞ አላየሁብህም።"

መምህሩ ሂሳቡን በልቡ ሠራና ሳቀ። "እሑድ ደባርቅ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን የማሞቁን ነገር ታሳይኛለሽ።"

"ከቅዳሴ በኋላ ና። አሳይሃለሁ፤ ከዚያም እቀድምሃለሁ።"

ሚኒባሱ ተነሣ። የወቅንን ከተማ አለፉ። የሺዋስ ዞር ብሎ፣ "እውነት መብራቱ ባይጠፋ ትደርሺበት ነበር?" አላት።

"ገና ጎማ ሳይቀይር፣ አሥራ ሦስተኛው ዙር ላይ እደርስበት ነበር" አለች ታንጉት፤ መስኮቱንም ከፍታ ነፋሱን ተቀበለች።