በምላስ የተፈተነ ፕሮፔለር

ጴጥሮስ ፕሮፔለሩን አፉ ውስጥ ከተተው። ዓይኑን ጨፍኖ ሦስቱን ቅጠሎች በምላሱ ጫፍ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው፤ ጠርዛቸውን፣ ጀርባቸውን፣ ከመሃላቸው ያለችውን ትንሽ እብጠት። የጤፍ ፍሬ የምታህል ሻካራ ነገር ብትኖር እዚያው ያገኛታል። ጣት ይደነዝዛል፣ ዓይንም ለገዛ ሥራው ያደላል፤ ምላስ ግን አንዴ ከቆረቆራት ቀኑን ሙሉ ወደዚያው ስትመላለስ ትውላለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእጁ የወጣውን ሥራ ሁሉ የፈተነው በዚሁ መንገድ ነው።

ምንም አልቆረቆረውም። አወጣና በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ በመስኮቱ ወደሚገባው የጠዋት ብርሃን አነሳው። ርዝመቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ መልኩ ግን እንደ ሰው ድድ ሮዝ ነበር። ጴጥሮስ ጥርስ ሠሪ ነው፤ በቤቱም ከዚህ ሌላ ፕላስቲክ የለም።

«ተዋጣልኝ!» አለ ለብቻው ጮክ ብሎ። ኮርቶ ነበር፤ የሚያየው ሰው ስላልነበረም ኩራቱን አልደበቀም።

በሆሳዕና ከተማ የጴጥሮስን ሥራ ያላየ ሰው የለም፤ ማየቱን የሚያውቅ ነው የሌለው። ከዱራሜም ከጃጁራም ድረስ ይመጡለታል። የሚመጡት ግን በፊት ለፊቱ በር ሳይሆን በጓሮ፣ በእንሰቱ መሃል ጎንበስ እያሉ ነው። ጥርሳቸውን ገጥመው፣ በመስታወት አይተው፣ ለማንም እንዳይናገር አስምለውት በመጡበት ይመለሳሉ። በማግስቱ ገበያ ላይ ቢያገኙት እንደማያውቁት ሆነው ያልፉታል። ሙያውን ያስተማረችው የካቶሊክ ሚሲዮኗ ሲስተር፣ ጥሩ ጥርስ ማለት ሰው ሠራሽነቱ ያልታወቀ ጥርስ ነው ትለው ነበር። እውነቷን ነው። ቢሆንም ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎበዝ ሆኖ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ሳይባል ሲቀር፣ ሆዱን የሚበላው ነገር አያጣም።

ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ እልፍነሽ ሳቃቸው ከቅቤ ተራ እስከ አህያ ተራ የሚሰማ ሴት ናቸው። ያን ሳቅ የሰጣቸው ጴጥሮስ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የላይኛውን መንጋጋ ሙሉ ሲሠራላቸው መጽሐፍ ቅዱስ በሻሽ ጠቅልለው ይዘው መጥተው ነበር። እሳቸው ጴንጤ፣ እሱ ካቶሊክ። «የኛም የናንተም መጽሐፍ ያው ነው፤ በል እጅህን ጫን» ብለው አስማሉት። የከተማው ባለሥልጣን ጓድ ዳኘም በዚያው በጓሮ በር ነው የመጡት። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ጥርሶቻቸው፣ በስብሰባ ላይ ፈገግ ሲሉ የሚያበሩት፣ የጴጥሮስ ናቸው። ለእሳቸውም ምሏል።

አስተማሪዋ ገነቴ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት የመጣችው በፊት ለፊቱ በር ነበር፤ ትልቅ ካርቶን ታቅፋ። ከካርቶኑ ያወጣችው ክንድ የሚያህል የፕላስቲክ አውሮፕላን ነበር፤ ሁለት ሞተር ያለው፣ ዳኮታ የሚባለው ዓይነት፣ መስኮቱና ጎማው ሳይቀር የተሟላ። ከዓመታት በፊት አንድ ፈረንጅ መምህር ገጣጥሞ ለትምህርት ቤቱ ትቶት የሄደ ነው። የቀኙ ሞተር ፕሮፔለር ግን የለም።

«ፒያሳን አሰስኩ፣ መርካቶን አሰስኩ» አለች። «ሰዓት ሠሪውም አናጢውም ከውጭ ካልመጣ አይገኝም አሉኝ። በከተማው አዳራሽ ለምናሳየው ኤግዚቢሽን ደግሞ የቀረን ሦስት ሳምንት ነው። ጋሽ ጴጥሮስ፣ የአባቴን ጥርስ የሠሩት እርስዎ ነዎት። አባቴ ከነጥርሳቸው ተቀበሩ፤ ከእኔ በቀር ያወቀ የለም። ያን የሠራ እጅ ይህን ያቅተዋል?»

ጴጥሮስ ደህናውን የግራ ፕሮፔለር ነቅሎ በመዳፉ ላይ አገላበጠው። «ይህን አውሱኝ» አለ። «ግን አንድ ነገር አለኝ። ሥራው የኔ መሆኑ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ።»

«ስምዎን ከሥሩ እጽፋለሁ» አለችው።

በማግስቱ ጀመረ። በትንሿ የነሐስ ሣጥን ውስጥ ጄሶ በጠበጠ፤ ደህናውን ፕሮፔለር እስከ ወገቡ ቀበረው፤ ጄሶው ሲደርቅ ፊቱን ሳሙና ቀብቶ በላዩ ሌላ ጄሶ አፈሰሰበት። ሁለቱን አላቆ ፕሮፔለሩን ሲያወጣው በመሃላቸው የፕሮፔለሩ ባዶ ቅርጽ ቀረ። ፎርማ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ድድ የሚሠራበትን የፕላስቲክ ዱቄት በራሱ ፈሳሽ እንደ ሊጥ ለውሶ በፎርማው ውስጥ ጠቀጠቀና ሣጥኑን በብሎን አጥብቆ በፈላ ውኃ ቀቀለው። የመጀመሪያው አንድ ቅጠል ጎድሎት ወጣ። ሁለተኛው አረፋ ሞላው። በሦስተኛው ሣጥኑን ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተወውና ትዕግሥቱ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቀ። ሲከፍተው ፕሮፔለሩ ተሟልቶ ወጣ። የቀረው ማለስለስ ብቻ ነበር፤ እሱንም በዚህ ጠዋት ምላሱ መሰከረለት።

ገነቴ ሦስት ሰዓት ላይ የብር ቀለም ይዛ መጣች። ሁለቱንም ፕሮፔለሮች አንድ ላይ ቀብተው ፀሐይ ላይ አሰጧቸው። ሲደርቁ ጴጥሮስ ራሱ ገጠማቸውና በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ አሽከረከራቸው። ሁለቱም እኩል ዞሩ።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ለፋሲካ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ አዳራሹ ደረሰ። ጠረጴዛዎቹ ቀይ ጨርቅ ለብሰዋል። ካርታ አለ፣ የቃጫ ሥራ አለ፣ የመሠረተ ትምህርት መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ በሁሉም መሃል አውሮፕላኑ ቆሟል። ጴጥሮስ ሌላውን ሁሉ አልፎ ሄዶ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበ። «ከወዳጅ አገር ለትምህርት ቤታችን የተበረከተ» ይላል። ሌላ ቃል የለበትም።

ገነቴ ከጠረጴዛው ጀርባ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ጽፌው ነበር፤ ወንድሜን ይንሳኝ» አለች በሹክሹክታ። «የኮሚቴው ሰብሳቢ ቀደዱት። ጓድ ዳኘ። ‹አውሮፕላኑ ሙሉ ነው ብለን ለበላይ አካል አስታውቀናል፤ የጥርስ ሠሪ ስም ከአውሮፕላን ጋር ምን አገናኘው?› አሉኝ።»

ጴጥሮስ ጽሑፉን ደግሞ አነበበውና ወደ ግድግዳው ሄዶ ቆመ። ኮቱ ድንገት ጠበበው። ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችል ነበር፤ እግሩ ግን ከሥራው አጠገብ አልነቃነቅ አለ።

በስምንት ሰዓት የክብር እንግዳው ገቡ። ካፒቴን ኤሊያስ የሺንሺቾ ልጅ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ይህንኑ ዳኮታ የተባለውን አውሮፕላን በማብረር ነው። ጓድ ዳኘ ፈገግ እያሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መሯቸው። ካፒቴኑ ለካርታውም ለቃጫውም ተገቢውን ምስጋና ሰጡ፤ አውሮፕላኑ ጋ ሲደርሱ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው ጎማውን፣ ጭራውን፣ መስኮቶቹን አዩ። ከዚያ በጥፍራቸው የግራውን ፕሮፔለር ጠርዝ ዳሰሱ፤ የቀኙን ዳሰሱ፤ ተመልሰው የግራውን ዳሰሱ።

«እነዚህን ሁለቱን አንድ እጅ አልሠራቸውም» አሉ።

ጴጥሮስ ምኑ ጋ ተሳሳትኩ አለ በሆዱ።

«ይኸውላችሁ» አሉ ካፒቴኑ። «የግራው በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን መስመር አለው፤ ሁለቱ የፎርማ ፊቶች የተገናኙበት ነው። ፋብሪካ እንዲህ እንዳለ ይተወዋል። የቀኙ ግን መስመር የለውም። አንድ ሰው ተቀምጦ አለስልሶታል።»

ያን ጊዜ ጴጥሮስ ጥፋቱን አወቀው። ስፌቱ፣ ያ የፎርማ መስመር፣ የተተወ ጥርስ ምላስ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ስፌት ባየ ቁጥር ሳያስበው ያጠፋል። ፕሮፔለሩንም ሰው የሚበላበት ይመስል አለስልሶት ኖሯል።

ካፒቴኑ የቀኙን ፕሮፔለር ከዘንጉ ነቅለው ቀለም ያልደረሰበትን የመሃሉን ቀዳዳ አዩና ሳቁ። «ውስጡ ሮዝ ነው! ከፋብሪካው የበለጠ ነው እኮ። ማነው የሠራው?»

«ጓድ ካፒቴን፣ ሙሉ ሆኖ ነው የመጣው» አሉ ጓድ ዳኘ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚል ድምፅ ከግድግዳው በኩል ተሰማ። ጴጥሮስ የራሱ ድምፅ መሆኑን ያወቀው ሰው ሁሉ ሲዞር ነው።

ጓድ ዳኘ ወደ ጴጥሮስ ቀረብ ብለው ፈገግ አሉ። ሁለቱ የፊት ጥርሶቻቸው ብልጭ አሉ። «እንግዲያው ሙያተኛ ነህ ማለት ነው» አሉ። «ጥሩ። በዚህ ከተማ ከእጅህ የወጣ ሌላ አንድ ሥራ አሳየን። አንድ ብቻ!»

ጴጥሮስ ሥራውን እያየው ነበር። ከፊቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የራሱ እጅ በመረጠው ነጭነት፣ የግራዋን ከቀኟ በጥቂቱ ዘንበል አድርጎ፣ ተፈጥሮ እንድትመስል የተጨነቀባት ሥራ ትስቅበታለች። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃው ነበር። አዳራሹን ቃኘ፤ የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ ጡረተኛው መምህር፣ ሁለት ነጋዴዎች፤ ሁሉም ወለል ወለሉን ያያሉ። ለሁሉም ምሎላቸዋል። ጀርባውን ግን አቃንቶ ቆመ።

«ዝም አልክ?» አሉ ጓድ ዳኘ።

ከሴቶች ማኅበር ወንበር አንድ ሰው ሲነሳ ወንበሩ ሲጥ አለ። እትዬ እልፍነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፊት መጡ። በሀዲይኛ አንድ ነገር ሲናገሩ ከኋላ ያሉት ሴቶች «ውይ!» አሉ። ከዚያ እትዬ እልፍነሽ ቀኝ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱና፣ ሙሉውን የላይኛውን መንጋጋ ነቅለው በአውሮፕላኑ ክንፍ አጠገብ፣ በቀዩ ጨርቅ ላይ አስቀመጡት።

ጉንጫቸው ሰርጎድ ገባ፤ ባንድ አፍታ አሥር ዓመት አረጁ። ግን ቀጥ ብለው ነበር የቆሙት።

«እኔ አስምዬዋለሁ፣ እኔው ፈትቼዋለሁ» አሉ፤ ቃሉ ከከንፈራቸው እየተንሸራተተ። «ዘጠኝ ዓመት ሥጋ የበላሁበት፣ መዝሙር የዘመርኩበት፣ ቅቤ የሸጥኩበት ይኸው። የጴጥሮስ ሥራ ነው። እዩት!»

ማንም አልሳቀም። ካፒቴኑ ፕሮፔለሩን ከጥርሱ አጠገብ አመጡት። የቀዳዳው ሮዝና የድዱ ሮዝ አንድ ነበር። በአክብሮት «ይፈቅዱልኛል?» ብለው እትዬ እልፍነሽን ጠየቁና በአውራ ጣታቸው የድዱን ጠርዝ ዳሰሱ።

«ስፌት የለውም» አሉ።

የጴጥሮስ ዓይን እንባ ሞላ፤ አልጠረገውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላያትን ሥራውን በብርሃን ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ያያት ነበር። ታምር ነበረች፤ እሱም ታምር መሆኗን ያውቃል።

ገነቴ አዲስ ካርቶን ቀድዳ እስክሪብቶ አወጣች። ካፒቴኑ ግን እጃቸውን አንስተው ቆይ አሏትና ወደ ሰብሳቢው ዞሩ።

«ጓድ ዳኘ፣ የሚጻፈውን እርስዎ ይንገሯት እንጂ። የማን ሥራ ነው ትበል?»

ጓድ ዳኘ ከንፈራቸውን ገጥመው ቆመዋል። ፈገግታው ጠፍቷል፤ ምላሳቸው ከከንፈራቸው ጀርባ፣ ከሁለቱ የፊት ጥርሶች ሥር ቀስ ብላ ስትንቀሳቀስ ለጴጥሮስ ታየው። ለእሳቸውም ምሎላቸው ነበርና ዓይኑን ከአፋቸው አንስቶ ወደ አውሮፕላኑ መለሰ። አዳራሹ ሁሉ ግን ጓድ ዳኘ አፋቸውን እስኪከፍቱ ይጠብቅ ነበር።