አሥራ ሁለት ኪሎ

«ወይኔ ወንድሜን! ያቺ ቆርቆሮ በላችህ!» አለች የሟቹ እህት ገና ከበሩ።

ሚስትየው ቀና ብላም አላየቻት። ቆርቆሮዋ ማንንም አልበላችም። ሰውየው የሞተው መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ ሄዶ፣ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ልቡ ቀጥ አለች፣ አለቀ። ሰፈሩ በሙሉ «አንድ ቀን ውድድር ላይ ተገልብጦ ይሞታል» እያለ ዐሥር ዓመት ሲጠብቅ ኖሮ፣ የወረፋ ቁጥሩን እንደያዘ ተቀምጦ መሞቱ ለለቀስተኛው አልተዋጠለትም።

ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከጎረቤት የተለመኑት ወንበሮች ሞልተዋል። በሕይወቱ ሰላም ብሎት የማያውቅ ጎረቤት «ደግ ሰው ነበር» ይላል። አንዷ ስልኳን ግድግዳው ላይ ሰክታ አጠገቡ ቆማ ታለቅሳለች፤ ስልኩ ሲሞላ እንባዋም ያቆማል፣ ሚስትየው ያንን ትጠብቃለች። የሚስትየው አክስት ደግሞ ሻዩን ፉት ባለች ቁጥር ወደ ሚስትየው ጆሮ ጠጋ ትላለች።

«አሁንስ ያን ጉድ ከግቢ አታስወጪውም?»

«ዛሬ ይወጣል።»

ቆርቆሮም ጉድም የተባለችው ባሏ ይወዳደርባት የነበረችው መኪና ናት። ባሏ መካኒክ ነበር፤ ጓደኞቹ «ግራም» ይሉታል። በወር አንድ እሁድ መንገድ ተዘግቶላቸው የሚሽቀዳደሙ አማተሮች አሉ፤ እሱም ማንም ያልፈለጋትን ባለሁለት በር ትንሽ አሮጌ መኪና ይዞ ገባ። ትልቅ ሞተር የመግዛት አቅም ስላልነበረው መኪናዋን ማቅለል ያዘ። የኋላ ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ ሬዲዮኑን፣ የበሮቹን ልባስ ሁሉ ገነጣጠለ። ትንንሹን ዕቃ የወጥ ቤቷ ሚዛን ላይ እያስቀመጠ፣ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ ይጮህባታል።

«የመስኮት መዘውር! ሁለት መቶ ዐሥር ግራም!»

«የራስህንስ ጭንቅላት መዝነኸዋል?»

«እሱ ቀላል ነው፣ ባዶ ነው» ብሎ ይስቃል። «ሀብታም ጉልበት ይገዛል፣ እኔ ኪሎ እጥላለሁ።»

አንዴ፣ የጎን ወንበሩ ገና ሳይነቀል፣ «አንድ ዙር ብቻ አብረሽኝ ዙሪ» ብሎ ለምኗታል። ቆርቆሮ ውስጥ አልገባም አለችው። አልገባችምም።

ይሄን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው የእናቷን የስፌት ማሽን ነው። በእጅ የሚዞር፣ ከባድ ብረት፤ እናቷ እሷን ያሳደገችበት፤ ተበላሽቶ መዘውሩ አልዞር ብሎ ጥግ ላይ የተቀመጠ። አንድ ቀን ከፋብሪካ፣ የሰው ኮሌታ ስትሰፋ ውላ ስትገባ፣ ቦታው ባዶ ሆኖ አገኘችው።

«ጥገና ሰጥቼልሽ ነው» አላት።

«የት?»

«አንድ ሰውዬ ጋ።»

ሁለት ዓመት አለፈ። ሸጦ ጎማ ገዝቶበታል፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው! ከዚያ ወዲህ ቁርስ ስታቀርብለት እንኳ ፊቱን አይታ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ የአማተሮቹ ማኅበር ሊቀመንበር መጣ፤ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ። መኪናዋን በየውድድሩ «የሰርዲን ጣሳ» ሲል የኖረው እሱ ነው። ከኋላው ለማኅበሩ መኪና የሚመዝነው ሽማግሌ ገብቶ በር አጠገብ ተቀመጠ።

«ግራም ወንድሜ ነበር» አለ ሊቀመንበሩ። «ባልሽው መሠረት መኪናዋን ልንረከብ ነው። ለማስታወሻ።»

«ምን ታደርጓታላችሁ?»

«ካምቢዮዋ ደኅና ነው፣ አውጥተን የእኔ መኪና ላይ እንገጥመዋለን። ስሙንም እንጽፍበታለን።»

«ካምቢዮው ላይ?»

«እ... አዎ። የቀረውን ብረት ሰብሳቢ ይወስደዋል።»

«ውሰዱት። ግቢዬ ይጽዳልኝ እንጂ ስሙን ጎማው ላይ ብትጽፉትም ጉዳዬ አይደለም።»

መዛኙ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ከመሄዷ በፊት ዕቃሽን አውጪ።»

«የኔ ምን ዕቃ አለ እዚያ?»

«እስቲ ነይ።»

ወጡ። ሽማግሌው የጎን በሩን ከፈተው። ውስጧ ራቁት ብረት ነው፤ ያለው የሹፌሩ ወንበር ብቻ። የጎኑ ወንበር በነበረበት ቦታ፣ በአሮጌ ቀሚሷ ቁራጭ የተሸፈነ ነገር ወለሉ ላይ በአራት ብሎን ታስሯል። ጨርቁን ገለጠችው። የእናቷ ማሽን ነው።

«መኪናዋን ሲያቀል ሲያቀል አበዛው» አለ ሽማግሌው። «ደንባችን ከሰባት መቶ ኪሎ በታች የሆነ መኪና አያሳልፍም። አሥራ ሁለት ኪሎ ጎደለች፣ መለስኩት። ሰው ሁሉ ሳቀበት።»

«አይ ያን ቀን!» ብሎ ሊቀመንበሩ ሳቀ፣ ብቻውን።

«ብረት ቁራጭ እሰርባት አልኩት። በወሩ ይቺን አስሮ መጣ። ልክ አሥራ ሁለት ኪሎ። ‹ሚስቴ አጠገቤ ተቀምጣ አታውቅም፣ ማሽኗ ትቀመጥልኝ› አለኝ። ‹የዘንድሮው ውድድር ሲያልቅ እመልስላታለሁ› እንዳለ ይኸው ሁለት ዓመቱ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ግራም እየቆጠረ ሲፎክርብሽ ኖሮ፣ አበዛሁት ይበልሽ? አፍሮ ነዋ።»

መዘውሩን ያዘችው። አልዞር ያለው ማሽን በጣቷ ብቻ ዞረ፤ መርፌው ወጣ፣ ወረደ። ዘይት ተቀብቷል። ጠግኖታል! አልዋሸም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርሱን እንደ ሌባ ቁርስ ስታስቀምጥለት፣ ሌባ አልነበረም። በራሷ አፈረች፤ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቃት።

«በሉ ቶሎ ይፈታ፣ የሚጎትተው መኪና ደርሷል» አለ ሊቀመንበሩ።

«መፍቻ ስጡኝ።»

ሽማግሌው ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ተንበረከከች። ሊቀመንበሩ ማሽኑን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። የመጀመሪያውን ብሎን ያዘችና ወደ ቀኝ አዞረችው፣ አልሄድ እስኪል አጠበቀችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ በሁለት እጇ ተጫነችው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ላልቶ ነበር። የሚጎትተውን መኪና መልሱት» አለች፤ ጨርቁንም መልሳ አለበሰችው።