ውሃው የታጠፈበት ቀን

ጳጉሜ ሦስት፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሜ ሙዓውያ ላፕቶፑን በኃይል ዘጋና መልሶ ከፈተው። ሲናደድ እንዲህ ነው። ኤክሴሉ ግን ያው ነበር።

እናታችን ሐጃ በቱል አጠገቡ ጠፍር አልጋዋ ላይ ተጋድማለች። እግሯ ካበጠ ወራት አልፎታል፤ ሐኪሞቹ ልቧ ደክሟል ብለዋል። ከእኛ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚሁ ከኦምዱርማን ማዶ ባለችው ደሴታችን ላይ፣ አባታችን ጭቃውን ረግጦ በሠራው ቤት ውስጥ መሞት። አባይ ደግሞ የአፈር ክትሩን ሊያልፍ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ቀርቶታል። ጀልበኛው ባቢክር ቁርጡን ነግሮናል፤ ፀሐይ ከገባች አይሻገርም፣ ነገ ደግሞ ወንዙ አያስጠጋውም።

"ውሃው መጨመሩንማ ማንም ያየዋል" አለ ሙዓውያ። "እኔ የምፈልገው አጨማመሩ የሚሰንፍበትን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ቢወጣም መስመሩ ግራፍ ላይ ይታጠፋል። ከታጠፈ ክትሩ ይችለዋል፤ እማም ትቀመጣለች።"

ይህን የተማረው ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ የየዕለቱን የውሃ ልክ ጻፈ። በሁለተኛው፣ ውሃው ከትናንቱ ስንት እንደጨመረ። በሦስተኛው፣ ጭማሪው ራሱ ከትናንቱ ጭማሪ በስንት እንደበለጠ ወይም እንዳነሰ። ሦስተኛው ዓምድ ወደ ነጌቲቭ ወርዶ እዚያው ከቆየ ወንዙ ታጥፏል ማለት ነው።

አልቆየም። ዜሮ፣ ነጌቲቭ አንድ፣ አንድ፣ እንደገና ነጌቲቭ አንድ።

"ምን ይላል ሳጥንህ?" አለች እናቴ።

"ቀነሰ ይላል፣ ጨመረ ይላል፣ ቀነሰ ይላል።"

"እንደ አባትህ ዘመዶች ነዋ! መጣን ሲሉህ አይመጡ፤ ቀሩ ስትል በር ላይ ናቸው።"

ግራፍ ሠራ። መስመሩን የሚያለሰልሰውን ምርጫ ሲነካ ያለፈው ዓርብ ላይ የሚያምር መታጠፊያ ብቅ አለ። ምርጫውን ሲያነሳው ጠፋ። "ማሽኑ ነው ያሳመረው" ብሎ ተሳደበ። የሦስት የሦስት ቀኑን አማካይ ወስዶ እንደገና ሞከረ። አሁንም ዓርብ።

"ዓርብ ነው! ዓርብ ታጥፏል! እማ፣ አትወጪም!"

"አልሐምዱሊላህ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስልህ ነበር?"

እኔም ደስ ብሎኝ በትከሻው በኩል ቁጥሮቹን አየሁ። ሐሙስ አራት መቶ ሃያ አራት ሳንቲ ሜትር፣ ዓርብ አራት መቶ አርባ፣ ቅዳሜ አራት መቶ ሃምሳ ስድስት። የዓርቡ ልክ መሀል ላይ ነው። ደግሞም ዓርብ ዕለት የደሴቲቱ ወንዶች በሙሉ ለቀብር ተሻግረው ነበር።

ወንዙ ዳር የቆመውን፣ ቁጥር የተጻፈበትን የውሃ መለኪያ ምሰሶ በየማለዳው የሚያነበው አጎት ከራር ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ደጃፉ ላይ ወሬ ይጠብቃል።

"አጎት ከራር" አልኩት፣ "ዓርብ ምሰሶውን አንብበዋል?"

"ዓርብማ ቀብር ላይ ነበርን፣ ልጄ! ግን ባዶ አልተውኩም፤ የሐሙስንና የቅዳሜን መሀል ጻፍኩላችሁ። ውሃ ዘሎ አይሄድ!"

ሙዓውያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የሁለት ቀን መካከለኛ ከጻፍክ የሁለቱ ቀን ጭማሪ እኩል ይሆናል፤ ልዩነታቸውም ዜሮ። ያ ዜሮ የአጎት ከራር እንጂ የወንዙ አልነበረም። የዓርቡን ቁጥር ዝቅ አድርጎ ሲሞክር መስመሩ ታጠፈ። ከፍ ሲያደርገው፣ ቅዳሜ ደክሞ የነበረው ወንዝ እንደገና ጉልበት ያገኘ መሰለ።

"ባዶ ቢተዉልኝ ምን ነበረበት?"

"ባዶ ስተውልህ ሰነፍ ትለኛለህ!"

"ባዶ ማለት አላውቅም ማለት ነው! አላውቅም ማለት ነውር ነው?"

አጎት ከራር ከእግሩ ላይ ጭቃውን ይፍቅ ጀመር። ባቢክር ከታች ተጣራ። ፀሐይዋ ወደ ዘንባባዎቹ ወርዳለች።

ሙዓውያ አልጋው ሥር ተንበረከከ። "እማ፣ አላውቅም።"

"ካላወቅህ ተወኛ!"

"ስለማላውቅ ነው የማልተውሽ።"

ከነአልጋዋ ለአራት ተሸክመን አወረድናት። እስከ ጀልባው ድረስ እኛን ረግማ ስትጨርስ ወደ ጀልበኛው ዞረች።

"አንተ ባቢክር፣ አባትህ ከአንተ ይሻል ነበር፤ እሱም ሰጥሟል!"

"ኧረ ሐጃ፣ አባቴ እኮ የሞተው በስኳር ነው።"

"በስኳርም ይስጠም!"

ሰዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ጀልባው ሲነሳ ወደ ቤቷ አልዞረችም፤ ወደ እኛም አላየችም። ሙዓውያ አብሯት ተሻገረ፤ እኔ ዕቃ ልጠብቅ ቀረሁ። ያን ማታ የዓርቡን ቁጥር አጠፋሁት።

አጎት ከራር ከዚያ በኋላ አንድም ማለዳ አላለፈውም። ውሃው ረቡዕ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጨመረ፣ ሐሙስ ስምንት፣ ዓርብ ሦስት፤ ቅዳሜ ቆመ። ወንዙ ጎድሎ ጀልባዎች መመላለስ ከመጀመራቸው በፊት እናቴ ኦምዱርማን እህቷ ቤት ዐረፈች፤ እዚያው ተቀበረች። ቤታችን ውሃ አልገባውም።