ያልተጠየቀው ወገን

ልጁ ለምንድን ነው ሰውን በጎን የሚያየው? ወይዘሮ ስንዱ ይህን ራሳቸውን መጠየቅ ከጀመሩ ሰነበቱ። ዛሬም የልጅ ልጃቸው ክንዴ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በዓይኑ ጠርዝ ፈለጋቸው።

«ግባ የኔ ጌታ። ምን አሉህ?»

«ዕውር ነህ አሉኝ፣ እማማ። እንግዲህ ሊቀመንበራችን ደስ ይበለው!» ብሎ ሳቀ።

ከውትድርና ለማምለጥ ያስመስላል ብሎ ለምርመራ ጎንደር የላከው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። ይዞት የሄደው አባቱ ዋሴ ጋቢውን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«መድኃኒት የለውም፣ እማዬ። ለገላ ጉልበት የሚሠራ የዘር ቅንጣት አለ አለኝ ሐኪሙ። የክንዴ ተበላሽቶ ዓይኑ ጉልበት አጣ። የሚወርደው ደግሞ ከእናት ብቻ ነው።»

«እህቱስ? ዘርፌስ?»

«ሴቶቹን ብዙም አይነካ፤ የሚወልዷቸውን ግን...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በእናቱ ወገን የታወረ አለ ወይ አለኝ። የዓለምዬ አጎት፣ የእናቷ ወንድም ሙላት፣ በፈንጣጣ፣ አልኩት። ፊቱ ጠባሳ አለው ወይ ቢለኝ...»

ስንዱ ሙላትን በዋሴ ሠርግ ዕለት ራሳቸው ስመውታል፤ ጉንጩ ለስላሳ ነበር፣ የፈንጣጣ ጠባሳ የለበትም። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ከስማዳ ዓለምዬን ሲያጩ፣ ደዌ እንዳይኖር የአባቷን አጥንት እስከ ሰባት ቤት መርምረዋል። የእናቷን ወገን የጠየቁት የሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ብቻ ነው። ደዌ በሴት በኩል ይመጣል ብሎ ማን አሰበ?

ጥግ ላይ ምስር ወደምትለቅመው ምራታቸው ዞሩ።

«ታውቂ ነበር?»

ዓለምዬ ከሰፌዱ ቀና አላለችም። «እናቴ እንዳልናገር አስምላኝ ነበር።»

«ይህን ሁሉ ዘመን! ያራስኩሽ እኔ አይደለሁም? ስታምጪ ወገብሽን የያዝኩት?»

«ቢያውቁ ኖሮ ያመጡኝ ነበር?»



ውጭ ውሻው ጮኸ። ዘርፌን ለጋብቻ ሊጠይቁ በቀጠሮ የመጡት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ልጅቱም ከደጅ ሮጣ መጥታ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ዓለምዬ የአማቷን ጉልበት ያዘች። «በዘርፌ ይሁንብዎ፣ እማማ፣ አይናገሩ። ሽማግሌ የላከውን ልጅ ትወደዋለች።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የቤተ ልሔም ደብሩ መሪጌታ ገብረ መድኅን፣ ባርከው ተቀመጡ። «አጥንታችሁን እናውቃለን፤ ንጹሕ ነው። ይህ ጎበዝ ግን ዓይኑን ምን አገኘው?»

«የአውድማ ገለባ ነው» አለ ዋሴ ፈጥኖ።

ስንዱ ልጃቸውን አዩት። ከገባ ጋቢውን እንኳ አላወለቀም።

«እንዲያ ነው፣ ወይዘሮ ስንዱ?»

ከመጋረጃው ጀርባ አዲሱ ቀሚስ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ይህቺን ልጅ ከነፋስ እየከለሉ ነው ያሳደጓት። አንድ ቀን ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ፣ የሌላ ሰው የልጅ ልጅ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ...

«አይደለም፣ የኔታ። ከእናቱ ወገን የመጣ ነው። የእናቱ አጎትም እንዲሁ ነው የታወረ። ዘርፌም ስትወልድ ለልጆቿ ይተርፋል።»

ዋሴ «እማዬ!» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

መጋረጃው ተገለጠ። ዘርፌ በአዲስ ቀሚሷ በሽማግሌዎቹ መካከል አለፈች፤ አያቷን አላየቻቸውም። ከቤት ወጣች።