ለቆጠራው ሲባል

ዳኛው የዱዌይን ፕሮክተር የወንጀል ችሎት ወደ ኤፕሪል መዛወሩን ተናገሩ። ሰውየው የሌለ ኩባንያ አክሲዮን ሸጧል ተብሎ የተመሠረተበት የፍትሐ ብሔር ክስም እስከዚያ በአስተዳደራዊ ትእዛዝ ተዘግቶ ይቆይ አሉና ብድግ ብለው ወጡ።

የፍትሐ ብሔሩን ክስ የያዘችው የመንግሥት ጠበቃ ኮሪን ወደ ምስክሯ መዞር ከበዳት። ወይዘሮ ቬርና በሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ ከቱልሳ ዳርቻ በአውቶቡስ ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው።

«አይዘኑ፣ ውድቅ አልተደረገም» አለቻቸው። «የወንጀሉ ሲያልቅ እናስከፍተዋለን።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ሴፕቴምበር ሃያ ዘጠኝ።»

«ነገ የሚቆጠር ነገር አለ እንዴ?»

የኮሪን ፊት ልውጥ አለ። እንደዚህኛው ሳይወሰኑ ሦስት ዓመት ያለፋቸው ክሶች በየዳኛው ስም ተቆጥረው ለሕዝብ የሚወጡት በሴፕቴምበር ሠላሳ ነው፤ የተዘጋ መዝገብ ግን አይቆጠርም።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የቆጠራው ቀን ሲደርስ ከትምህርት የሚቀሩትን ልጆች ስም እሰርዝ ነበር፣ ርእሰ መምህሩ እንዳያፍር። ሲመጡ እንመልሳቸዋለን እንባባል ነበር።»

«መጡ?»

«ከስም ዝርዝር የወጣን ልጅ ማን ይፈልገዋል? አንድም አልመጣም።» አሮጊቷ ከዘራቸውን አነሡ። «ለመሆኑ አንቺ ይዘጋ ሲባል ምን አልሽ?»

ኮሪን ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። ጠዋት ዳኛው ቢሮ ገብታ፣ መዝገቡ ቢዘጋ ተቃውሞ የለኝም ብላ ፈርማ ነበር የወጣችው።